አንደኛ ደረጃ ብዬ ያስጻፍኩት ቤት

ሰኔ 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለአውቶቡስ ነጂው፤

ጤናህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የምትነዳበት መንገድ ቀና ይሁንልህ፣ ተሳፋሪዎችህ ጨዋ ይሁኑልህ፣ ወገብህን አምላክ ያጠንክርልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ፎቅ ስወጣ ብቻ ነው የሚያኮርፈው።

ለምን ስልክ አትደውይም ትለኛለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስመታ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳን የራሴን ካልጻፍኩ ምኑን ኖርኩት? ደግሞ ስልክ ላይ አንተ "እሺ እቴቴ፣ እሺ እቴቴ" ትላለህ እንጂ አታዳምጥም። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

አሁን ወደ ወሬዬ። ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጣ። የቤቶችን ደረጃ የሚመዘግብ ገማች ነው። ወፍራም መነጽር፣ ሆዱ ላይ ያልደረሰ አጭር ክራባት፣ አንገቱ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ መታወቂያ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱን ቤት ገርመም እያደረገ ይጽፋል። እንደምታውቀው የኛ መስመር ቤቶች ግድግዳቸው የተያያዘ ነው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ስታስነጥስ ከወዲህ ሆኜ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ሰውየው እኔ በር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየና እስክሪብቶውን አወጣ።

"ሁለተኛ ደረጃ" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

"ምን አልክ?"

"ሁለተኛ ደረጃ ነው እናቴ። መስመሩ በሙሉ ሁለተኛ ነው።"

ደሜ ፈላ። ሁለተኛ! አንተ በሰው አገር ብርድ መሪ ጨብጠህ ያቆምከውን ቤት፣ እሱ ከመንገድ ላይ ሆኖ አንዴ ገልመጥ አድርጎ ሁለተኛ ይበለው? "ግባ" አልኩት። "እናቴ፣ እኛ ከውጭ ነው የምናየው" ቢለኝ እጁን ይዤ አስገባሁት። ጫማውን አስወልቄ ወለሉን አስረገጥኩት። የመወጣጫውን ብረት አስነካሁት። መስኮቶቹን ከፍቼ ዘጋሁለት። "ይሄ መስታወት ድርብ ነው፣ አንኳኳው" አልኩት፤ አንኳኳ። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ። ፎቁን ብቻ አላሳየሁትም። "የልጄ ክፍል ነው፣ እሱ ሳይመጣ ማንም አይገባበትም" አልኩት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ቆማ ቀሚሴን ትጎትተኛለች፣ ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች፣ ያለ ጉንፋኗ ትስላለች። መቼም የጎረቤት ምስጋና ለሁሉ አይዋጥለትም ብዬ አለፍኳት።

በመጨረሻ ሰውየው መነጽሩን ጠራርጎ "እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ። "አንደኛ ብለህ ሳትጽፍ ከዚህ በር አትወጣም" አልኩት። ጻፈ። "እንግዲያው ደረጃ የሚሰጠው ለመስመር ስለሆነ፣ ከዚህ እስከ ጥጉ ያለው ሁሉ አንደኛ ይሆናል" አለ። "ይሁና! ጎረቤቶቼም በኔ ይክበሩ" ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት። ልጄ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከተመቸህ ለፎቁ ኮርኒስ ቀለም የሚሆን ትንሽ ነገር ላክልኝ። ካልተመቸህ ግድ የለም፣ እንዳታስብ።

የምትወድህ አክስትህ


ሐምሌ 1

ለእቴቴ፣ ለሰፈሩ ጠበቃ፤

ፈጣሪ ዕድሜና ጉልበት ይስጥሽ፤ በተለይ ጉልበቱን። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው፤ ቤቴም ደህና ነው።

ደብዳቤሽን መጨረሻው ፌርማታ ላይ መኪናዬን አቁሜ ነው ያነበብኩት። መስታወቱን አስንኳኳሁት የምትዪው ላይ ስደርስ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አንዲት ተሳፋሪ "ሾፌር፣ ደህና ነህ?" ብላ ከኋላ መጣች። "አክስቴ ናት" አልኳት፤ ያ ብቻ በቂ መልስ ይመስል።

ከዚያ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እቴቴ የኔ ቆንጆ፣ ያ ሰውዬ ለምን የመጣ መሰለሽ? ሽልማት ሊሰጥሽ? የቤት ደረጃ የሚመዘገበው ለግብር ነው እኮ። ደረጃው ከፍ ሲል ግብሩም አብሮ ይወጣል። በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ገማች ሲመጣበት ቤቱን ያሳንሳል፤ ይህ ግድግዳ ሊወድቅ ነው፣ ይህ በር አይዘጋም ይላል። አንቺ ግን "እናቴ ይቅርብኝ" የሚለውን ሰው እጁን ይዘሽ አስገብተሽ ጫማ አስወለቅሽ! ያውም ለራስሽ ብቻ ሳይሆን ለመስመሩ ሁሉ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚስሽን የጎተተችው ቀንታ አይደለም። ሮጠሽ ሰውየውን አግኝው፤ ወረቀቱ ሳይጸድቅ ቢያስተካክለው ይሻላል።

አንቺን መቆጣት አልችልበትም። የተናገርሽው ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤሽን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ያስቀመጥኩት።

ለቀለሙ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬልሻለሁ። ግን እቴቴ፣ ኮርኒሱን አምና አልቀባነውም እንዴ? ካቻምናም የቀባነው ይመስለኛል። ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚሸጡልሽ? ቀለም ሻጩን ስሜን ጠርተሽ ተቆጪልኝ።

ልጅሽ


ሐምሌ 26

ለልጄ፤

ካሰብክበት ያድርስህ፤ ያላሰብከውን ክፉ ያርቅልህ። የላክኸው ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። ስለ ኮርኒሱ የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሰውየውን ሮጬ ላገኘው ሄጄ ነበር። መዝገቡ ወደ ላይ ተልኳል አሉኝ። ወደ ላይ የት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። ከዚያ የግብር ማስታወቂያው በየበሩ ተለጠፈ። ለመጪው ዓመት በጀት አልበቃም ተብሎ በከተማው ሁሉ የንብረት ግብር ጨምሯል፤ የኛ መስመር ደግሞ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ስለወጣ ጭማሪው በጭማሪ ላይ ሆነ። ወረቀቱን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

በነጋታው ሰፈሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። የተቀመጥነው የልጆች ወንበር ላይ ስለሆነ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሷል። የማዘጋጃ ቤቷ የበጀት ኃላፊ ሰሌዳው ላይ ክብ ሥላ እንደ ዳቦ ቆራረሰችው። ይሄ ለቆሻሻ ማንሻ፣ ይሄ ለመንገድ መብራት፣ ይሄ ለጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ይሄ ደግሞ ለምክር ቤቱ አዳራሽ እድሳት። ጡረተኛው መምህር እጁን አወጣ።

"እመቤቴ፣ የአዳራሹ ቁራሽ ከቦዩ ቁራሽ ለምን ወፈረ?"

"እብነ በረድ ስለሚገባበት ነው" አለች፣ ሳታፍር።

ተንጫጫን። ፋርማሲስቱ ተነስቶ ጨርሶ አንከፍልም ማለት አይሆንም አለ። "ዝናብ በጣለ ቁጥር መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው ጫማውን ጭቃ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። እኔ እከፍላለሁ። ቦዩ ሲቆፈር ግን በዓይኔ ልይ።" ባለ ጋራዡ ቱግ አለ። "መንገዱ ምን ሆነ? ችለን እየኖርን አይደለም ወይ?" ጉድጓድ የገባ መኪና ሁሉ ተጎትቶ እሱ ጋ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ፋርማሲስቱ "አንተማ ለጉድጓዶቹ ስም ሳታወጣላቸው አትቀርም" ቢለው ሰው በሳቅ ሞተ። ባለ ጋራዡ ራሱ ሳቀ።

እኔም እየሳቅሁ ሳለ አንድ ድምፅ ከኋላ "እሺ፣ ግብሩስ ይሁን። አንደኛ ደረጃ ያደረገን ማነው?" አለ። ኃላፊዋ ወረቀት ገለጠችና "በቤት ባለቤት ጥያቄ የተሻሻለ ይላል" አለች። አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። "የኔ ቤት አንደኛ ነው፤ የዋሸሁት ነገር የለም" አልኩ። ከዚያ ሌላ ምን እላለሁ?

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የሷ ኑሮ የዕለቱን ሰፍቶ የዕለቱን መብላት ነው፤ ይህንን ግብር አትችለውም። ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ አየሁ። ሸጣ ሩቅ ያለች ልጇ ጋ ልትጠጋ ነው አሉ። ከሰው ነው የሰማሁት፤ እሷ አታናግረኝም። በቀደም ጉንፋን ይዞኝ ቀኑን ሙሉ ሳስነጥስ ዋልኩ፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ በግድግዳው ይመጣል፣ እሷ ግን አንዴም "ይማርሽ" አላለችኝ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከግብሩ ይልቅ ያመመኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የቀለሙን ተወው። ትንሽ ጨመር አድርገህ ብትልክልኝ የሷን ጭማሪ እኔ ሳታውቅ እከፍልላት ነበር። ከተመቸህ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ፖስታው ጀርባ ላይ ያለው አድራሻህ ተቀይሯል። ፖስታ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ያለውን አያልፍም። ወዴት ነው የሄድከው?

አክስትህ


መስከረም 6

ለእቴቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጉንፋንሽ ይልቀቅሽ። ከዚህ ሆኜ "ይማርሽ" ብዬሻለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ተቀበይኝ። ስለቆየሁ አትቀየሚኝ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ።

አድራሻዬን የቀየርኩት ለሥራ ስለሚቀርበኝ ነው። የጠየቅሽኝን ግን በዚህ ወር መላክ አልሆነልኝም። በሚመጣውም የሚሆን አይመስለኝም። ደብዳቤ ስጽፍልሽ እንደዚህ ብዬ ስለማላውቅ ብዕሩ ከበደኝ።

እዚህም በሚያዝያ በጀት ሲከራከሩ ነበር። ለነዋሪ ክፍት ነው፤ ተራ ይዘሽ ትናገሪያለሽ፣ ጊዜሽ ሲያልቅ ደወል ይደወልብሻል። ሥራ ጨርሼ ከነዩኒፎርሜ ሄጄ ኋላ ተቀመጥኩ። የቤት ባለቤቶቹ እየተነሱ ግብር አይጨመርብን አሉ። እኔ የማመላልሳት፣ "እግዜር ይስጥህ" ሳትለኝ የማትወርድ አንዲት አሮጊት አለች። ተነስታ "ይሄ ከተጨመረ ቤቴን ለቅቄ መውጣቴ ነው" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ምክር ቤቱ ጭማሪውን ሰረዘው፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሰው ካፖርቱን ደርቦ መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይቀነስ ተብሎ ከአውቶቡስ መስመሮች የተቀነሰው። ለዚያኛው ያጨበጨበም የጮኸም አልነበረም። ያቺ ሴት አሁን የገበያ ዕቃዋን ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ባለፈው በሩቁ አየኋት።

ስለዚህ ማን ትክክል እንደሆነ እኔም ግራ ገብቶኛል። ባለ ጋራዡን ግን አትስሚው። ቦዩ መቆፈር አለበት፤ ለቦይ ደግሞ ሰው መክፈል አለበት። የእብነ በረዱን ነገር መምህሩ አይልቀቃቸው። አንቺ የምትጣዪው ከግብሩ ሳይሆን ከደረጃው ጋር ነው። እዚያም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አይጠፋም። ያስጻፈው ሰው ራሱ ቀርቦ "ቤቴ አንደኛ አይደለም፣ ሁለተኛ ነው" ካለ ሄደው ማየታቸው አይቀርም። ያስጻፈው ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ያንን ቃል ከአፍሽ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድሽ አላጣሁትም። ግን የልብስ ሰፊዋን ቤት የሚያተርፍ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ባለኝ ገንዘብ ልረዳሽ ብችል ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር።

ልጅሽ


መስከረም 27

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንኳን ጤና ሆንክ።

አላደርገውም። አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ከሄድክበት ቀን ጀምሮ ሰው "ልጅሽ እንዴት ነው?" ሲለኝ ብዙ አላወራም። ወደ ፎቁ ቀና ብዬ አሳየዋለሁ፤ መልሴ እሱ ነው። ያልወለድኩህ፣ ግን ያሳደግኩህ ልጅ፣ ባንተ ያለኝን ኩራት ማስቀመጫዬ ያ ቤት ብቻ ነው። አሁን ያ ሁሉ ሰው መሃል ቆሜ "ሁለተኛ ነው" ልበል? ልጄ ሁለተኛ ነው ብዬ መመስከር አይደለም ወይ? ይቅርብኝ።

ስለ ገንዘቡ ባልከው ምንም አልተቀየምኩህም። ለሥራ ስለሚቀርበኝ ነው ያልከውን ግን አላመንኩህም። ይህንንም እወቀው።

ትናንት ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው የልብስ ሰፊዋን ቤት ሲለኩ ዋሉ። ባልና ሚስት ይመስላሉ። ሴትየዋ በጣቷ ግድግዳችንን እየመታች "ይሄ ቢፈርስ ይሰፋል" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ተናድጄ ነው የጻፍኩት፤ ቢሆንም ብርድ ነውና ደርበህ ውጣ።

አክስትህ


ጥቅምት 14

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልህ። እንደደረሰህ ተቀምጠህ አንብበው፤ ያስቅሃልም፣ ቅርም ያሰኝሃል። ፈጣሪ ልብህን ያስፋልኝ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ማክሰኞ ተሰየመ። የሰፈሩ ሰው ተናጋሪ አድርጎ የመረጠው መምህሩን ነበር። መምህሩ ከበጀቱ አመሠራረት ጀምሮ ሲያስረዳ ሰብሳቢዋ ሁለቴ አዛጋች። በመጨረሻ "የርስዎን ሰማን። ደረጃውን ያስጻፉት ባለቤት አሉ? እሳቸው ካልተናገሩ ልንለውጠው አንችልም" አለች። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ። ላለመናገር ወስኜ ነበር የሄድኩት። ልብስ ሰፊዋ ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፋ ተቀምጣለች፤ ወደኔ አልዞረችም። ከአንገቷ ሥር ክር ተንጠልጥሎባት አየሁ፤ ሁልጊዜ የማነሳላት እኔ ነኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሳሁ።

"ቤቴ አንደኛ አይደለም" አልኩ። ድምፄ ስለቀጠነ "ጮክ ይበሉ" አሉኝ። "አንደኛ አይደለም! ጣሪያው ያፈሳል!" አልኩ።

አዎ፣ ልጄ። ያፈሳል። ከጀመረ ቆይቷል። ያ አናጺ ነኝ ባይ ቆርቆሮውን ሲያለብስ ምን እንዳደረገው እንጃ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ከፎቁ ኮርኒስ አንተ አልጋ ላይ ይወርዳል። በየዓመቱ ቀለም የምልህ እሱን ለመሸፈን ነበር። እውነቱን ብጽፍልህ ያ ሁሉ ዓመት የነዳኸው መኪና፣ የበላኸው ብርድ፣ ለሚያፈስ ቤት ነው ወይ ብለህ ታዝናለህ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ብዬ ያሰብኩት ስለምወድህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አንዴ አፌን ከከፈትኩ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። የጓዳው ግድግዳ ተሰንጥቋል አልኩ። የመወጣጫው ብረት በሁለት ብሎን ነው የቆመው አልኩ። ድርብ ያልኩት መስታወት አንዱ ብቻ ነው ድርብ፣ ያንኑ ነው ያስንኳኳሁት አልኩ። ገማቹ ባለ መነጽሩ ከጥግ ተነስቶ "እናቴ፣ ታዲያ ያኔ ፎቁን ለምን አላሳዩኝም?" አለኝ። "የልጄ ክፍል ነው ብዬህ የለ?" ብለው አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ካላየን አናምንም ብለው ሰብሳቢዋ፣ ገማቹ፣ መምህሩ፣ ፋርማሲስቱ፣ ጭራሽ ባለ ጋራዡም ሳይቀር ተከታትለው መጡ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ያንን ጠዋት ጥሎ ነበር። ክፍልህን ከፈትኩት። አንሶላህ እንደተነጠፈ ነው፤ አልጋው መሃል ላይ ደግሞ ሰማያዊው ሳፋ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ኮርኒሱ ላይ ያ ሁሉ ቀለም ተደራርቦ አብጦ ተንጠልጥሏል። እንደዚያን ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ሰዉን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። ሳፋውን አነሳችና በመስኮት ደፋችው፤ አንሶላውን በእጇ ዳሰሰችው፤ ሳፋውን መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። "ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ነው ውሃ የምትደፊው?" አለችኝ። አቀፍኳት። ኮሚቴው እያየ ነው ያቀፍኳት፤ ግድ አልሰጠኝም።

መስመራችን ወደ ሁለተኛ ተመለሰ። ገማቹ የኔ በር ላይ ቆሞ ሲጽፍ ምላሴን ነከስኩት። ግብሩ በከተማው ሁሉ የጨመረውን ያህል ጨምሯል፤ እሱን እንከፍላለን። መምህሩ የእብነ በረዱን ነገር በጽሑፍ ጠይቋል። ቦዩ ይጀመራል ብለውናል፤ እስካሁን ግን አካፋ የያዘ ሰው አላየንም። ልብስ ሰፊዋ "የሚሸጥ ቤት" የሚለውን ካርቶን አንስታ ለኮሌታ መቁረጫ ቅድ አደረገችው።

አንተ ግን ይህን ስታነብ ፊትህ ምን እንደሚመስል ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ክፉ ቃል ቢሆንም ጻፍልኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ።

አክስትህ


ኅዳር 8

ለእቴቴ፣ ለእናቴ፤

ደብዳቤሽን ተቀምጠህ አንብበው እንዳልሽኝ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ቆሜ ደገምኩት። ሳፋውን የደፋችበት ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለ ልቅሶ አልቅሼ አላውቅም፤ ቀለል ያለ ልቅሶ ነው። እጇን ሳሚልኝ።

አሁን የኔን ስሚ። ከተቀነሱት የአውቶቡስ መስመሮች አንዱ የኔ ነው። ያቺን አሮጊት የማመላልስበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቀር ብቻ ነው የሚጠሩኝ። ግማሽ ቀን ሠርቼ ግማሽ ቀን ስልክ እጠብቃለሁ። የነበርኩበትን ቤት ኪራይ ስላልቻልኩት ከሌላ ሾፌር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ገብቻለሁ። እሱ ሌሊት ይነዳል፣ እኔ ቀን ስጠራ እሄዳለሁ፤ አልጋችን አንድ ነው፣ ደግነቱ ተገናኝተን አናውቅም። አድራሻዬ የተቀየረው ለዚህ ነው። አላመንኩህም ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው አውቆብኛል ብዬ።

መምጣት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ግን ያንን ቤት ፈራሁት። እውነቴን ነው። በየደብዳቤሽ ቤቱ እያማረ፣ እያደገ፣ መስታወቱ እየበዛ ይመጣል፤ እኔ እዚህ እያነስኩ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን አንድ ሻንጣ ይዤ በዚያ አንደኛ ደረጃ ቤት በር ላይ መቆም አሳፈረኝ። ሰዉ ወደ ፎቁ ቀና ሲል፣ ከዚያ ወደኔ ዝቅ ሲል ይታየኝ ነበር። "ይሄ ነው እንግዲህ ያ ልጅ?" ሲሉ ይሰማኝ ነበር። አንቺ እኔ እንዳላዝን ፈርተሽ ዝም አልሽ፣ እኔም አንቺ እንዳታዝኚ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰው ነን፤ ሌላ ማንን ልምሰል?

አሁን ግን ያፈሳል አልሽኝ። እቴቴ፣ ከሄድኩ ጀምሮ ስለዚያ ቤት ከጻፍሽልኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። የሚያፈስ ቤት ሰው ይፈልጋል። መሰላል የሚወጣ፣ ቆርቆሮ የሚገለብጥ፣ ሚስማር የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ያንን እችላለሁ።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። መድረሻዬን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ ጉልበትሽ ይታመማልና ልቀበልህ ብለሽ እንዳትወጪ፣ ቤት ጠብቂኝ። ልብስ ሰፊዋ እኔ ሄጄ ልቀበልልሽ ብትል አትከልክያት። እስከዚያ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሰው አትጥሪ፣ ቀለም አትግዢ፣ ጣሪያውን እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።

ልጅሽ